ጳጉሜን ስድስት ብዬ መስከረምን የረሳሁ ዕለት

ደባርቅ ውስጥ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው በመንገድ ሲያልፍ «እንደምን አደሩ አባባ» ይባላል። እኔ ሳልፍ የሚባለው ሌላ ነው። «መምህር፣ ዛሬ ስንት ነው?» ይሉኛል። በቅሎ ጫኙ ይለኛል፤ ዳቦ ሻጯ ትለኛለች፤ ቀን መቁጠሪያ ግድግዳው ላይ የሰቀለው ፀጉር አስተካካይ ሳይቀር መቀሱን እንደያዘ ከበር ብቅ ብሎ ይለኛል። መቆጣት አልችልም፤ ነገሩን ያመጣሁት በገዛ እጄ ነው። እንዴት እንዳመጣሁት ልንገራችሁና እናንተም ሳቁ። ከተማው ስቆ ስቆ ሊሰለቸው ምንም አልቀረውም፣ አዲስ ሳቂ ያስፈልገኛል።

ያን ጊዜ ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ከዚያ በፊት፣ በልጅነቴ፣ ደረስጌ ከአንድ መሪጌታ እግር ሥር ተቀምጬ ባሕረ ሃሳብ ተምሬአለሁ፤ በዓላትና አጽዋማት በየዓመቱ የት የት እንደሚውሉ የሚያወጣውን የቤተ ክርስቲያን የዘመን ሒሳብ ማለቴ ነው። ይህን የተማረ ሰው ትሑት ሆኖ ይኖራል ብላችሁ አታስቡ። እኔ በየሰርጉና በየተዝካሩ የሚቀጥለው ዓመት ፋሲካ የሚውልበትን ቀን ማንም ሳይጠይቀኝ የምናገር ሰው ነበርኩ። ባለቤቴ ጥሩወርቅ «የእኔ ሰውዬ ዝም የሚለው ሲተኛ ነው፤ ያኔም ያንኮራፋል» ትል ነበር።

እንዲህ ያለውን ሰው ጃቫስክሪፕት ከሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ጋር ያገናኘው የበቅሎ ተራ ነው። ወደ ሰሜን ተራሮች የሚወጣ ጎብኚ ጓዙን የሚያስጭነው በበቅሎ ነው። የእኛ በቅሎ ጫኞች ማኅበር አላቸው፤ የሚሠሩትም በተራ ነው። ተራውን የሚይዝላቸው ግን ለብዙ ዓመት ጎንደር የተቀመጠ አንድ ወኪል ነበር። ወኪሉ የወደደውን ያስቀድማል፣ ያልወደደውን ይረሳል። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ፈንታሁን ከተረሱት አንዱ ነበር። አፉ አይታሰርምና። ይኸው አፉ ነው ተከራክሮ ተከራክሮ ማኅበሩ ለአንድ የጉብኝት ወራት ተራውን ራሱ ይዞ እንዲሞክር ያስፈቀደው። ጎብኚው በቀጥታ ማኅበሩን የሚያገኝበት ድረ ገጽ ይሠራ ተባለ። ማን ይሥራው?

እጄን አወጣሁ። ድረ ገጽ የሚባለውን ነገር የማውቀው በስሙ ብቻ ነበር።

እናም ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ዳባት እየወረድኩ፣ ስድስት ኮምፒውተር ባለው አንድ ክፍል ውስጥ፣ የልጅ ልጆቼ ከሚሆኑ ወጣቶች ጎን ተቀምጬ መማር ጀመርኩ። አስተማሪያችን ትርንጎ ትባላለች፤ ገና ሠላሳ ያልሞላት፣ የዳባት መሪጌታ ልጅ። ረጋ ብላ ነው የምትናገር። እኔ ግን ቋንቋውን ገና ከመጀመሪያው ቀን ናቅሁት።

«ትርንጎ፣ ነይማ፣ ይህ ዕቃ ሰክሯል» አልኳት። «አንድና ሁለትን ደምር ስለው አሥራ ሁለት አለኝ።»

መጥታ አየችው። «አልሰከረም መምህር። ቁጥሮቹን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ስላስገቧቸው ጽሑፍ መስለውት ጎን ለጎን አስቀመጣቸው።»

«እኔ እንዲህ የሚደምር ተማሪ ሠላሳ አራት ዓመት ስጥል ኖሬአለሁ። ይሄኛውን ዓለም ሁሉ ያሳለፈው ምን ስላየበት ነው?»

በሌላ ቅዳሜ ደግሞ ወር የሚቆጥረው ከዜሮ ጀምሮ መሆኑን ነገረችን። ቀኑን ከአንድ፣ ወሩን ግን ከዜሮ። የፈረንጆቹ የመጀመሪያ ወር ዜሮኛ ወር ነው።

«ዜሮኛ ወር!» አልኩ፤ ክፍሉ እንዲሰማኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ጎበዝ፣ ዜሮኛ ልጅ የወለደ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

ልጆቹ ሳቁ። ትርንጎም ፈገግ አለችና «መምህር፣ ባሕረ ሃሳብ ላይ ወንበሩ አልቦ የሚሆንበት ዓመት የለም እንዴ? አባቴ አንዱን ለዘመን ቀንስ እያለ ሲያስተምር እሰማው ነበር» አለች።

አለ። ሲቀነስ ሲቀነስ ወንበር የምንለው ቀሪ ባዶ የሚሆንበት ዓመት አለ፤ የእኛ ሊቃውንትም አልቦ ብለው ያልፉታል እንጂ አይሳለቁበትም። ያን ቀን ወደ ደባርቅ የተመለስኩት በሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ፣ ከአንድ ጆንያ ድንች ጋር ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈን፣ እኔም ድንቹም ሳንናገር ነው።

ከዚህ ተምሬ ብሆን ኖሮ ገጠመኝ የሚባል ነገር አይኖረኝም ነበር።

የድረ ገጹ ዋና ነገር አንዲት ሥራ ናት። ፈረንጁ የሚመጣበትን ቀን በራሱ አቆጣጠር ይመርጣል፤ ገጹ ያንን ወደ እኛ ቀን ይለውጥና ባለተራዎቹን ከነቀናቸው በአማርኛ ይዘረዝራል። እዚህ ላይ ስንደርስ ትርንጎ «ይህን እርስዎ አይጻፉት። ቀን የሚለውጥ ላይብረሪ አለ» አለችኝ። በእነሱ ቋንቋ ላይብረሪ ማለት ሌላ ሰው ጽፎ፣ ሞክሮ፣ ለማንም እንዲሆን ያስቀመጠው ዝግጁ ኮድ ነው። ወስደህ ከራስህ ኮድ ጋር ታያይዘዋለህ።

«ማን ነው የጻፈው?» አልኳት።

«አላውቀውም። ውጭ አገር ያለ ሰው ይመስለኛል።»

«አገሬን በካርታ እንኳ የማያውቅ ሰው የእኔን ዘመን ሊቆጥርልኝ?»

«ብዙ ሰው ሞክሮታል መምህር። ስህተት ሲያገኙ ይጽፉለታል፤ እሱም ያርማል።»

«እኔ ባሕረ ሃሳብ የተማርኩ ሰውዬ ነኝ፣ ትርንጎ! ቀን ልበደር?»

ትከሻዋን ሰበቀችና ወደሚቀጥለው ተማሪ አለፈች። እኔም ዘጠኝ ቅዳሜ ፈጅቼ የራሴን ጻፍኩ። ጥር ላይ ሞከርኩት፣ ልክ ነው። መጋቢት ላይ ሞከርኩት፣ ልክ ነው። ሰኔ ላይ ሞከርኩት፣ እንደ መዝሙር ይወርዳል። ዓመቱ ዘመነ ሉቃስ ስለነበረ ጳጉሜም ስድስት ቀን እንድትሆን አድርጌ አስገባሁ፤ ይህን የሚረሳ የባሕረ ሃሳብ ተማሪ የለም። ማታ ቤት ባለው አሮጌ ኮምፒውተሬ ለጥሩወርቅ አሳየኋት። «ቆንጆ ነው። ምሳህ ግን ገበታው ላይ እንዳለ ነው» አለችኝ።

ዓመቱ ተለወጠ፣ መስከረም አለፈ፤ የመጀመሪያው ጥያቄ በድረ ገጹ መጣ። ስምንት ጎብኚዎች፣ ስድስት በቅሎ፣ ቀኑ ኦክቶበር 20። ወረቀቱን ፎቶ ኮፒ ቤት አሳተምኩት። ልብ በሉልኝ፣ አላነበብኩትም። ያወጣው የእኔ ኮድ ነው፤ የእኔ ኮድ ምን ይነበባል? በቅሎ ጫኞቹ ከሚሰበሰቡበት ዳስ አጠገብ ያለው ሰሌዳ ላይ፣ ሙጫ ስላልነበረኝ በዱቄት ሊጥ ለጥፌው ወደ ቤቴ ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ፈንታሁን መጥቶ ለማኅበርተኛው ጮክ ብሎ አነበበላቸው። ፈንታሁን ፊደል የቆጠረው በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ዝግ ብሎ፣ በጣቱ እየተከተለ ያነባል። ማታ ላይ ደግሞ የጎረቤት ፍየል ሊጡ ሸቷት መጣችና ወረቀቱን ከነማኅበሩ ስም በላችው። ማንም አልተጨነቀም። ተነቧላ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት ዘጠኝ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። ዳንኤል የሚባል ከጎንደር የመጣ አስጎብኚ ነው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሏል።

«ፋዘር፣ የድረ ገጹ ሰውዬ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ» አልኩ፤ ደረቴን ነፍቼ።

«በቅሎዎቹ የታሉ?»

ተከትዬው ወጣሁ። ስምንት ፈረንጆች፣ አብዛኞቹ እኔን የሚያክሉ ሽማግሎችና አሮጊቶች፣ ጓዛቸውን መንገድ ዳር ከምረው ቆመዋል። ዳሱ ባዶ ነው። አንድም በቅሎ የለም። አንድ ውሻ ብቻ ከጓዙ ሥር ተኝቷል።

ዳንኤል ሰዓቱን አየ። «ስድስት ሰዓት ድረስ እጠብቃለሁ። ከዚያ ካለፈ ሳይመሽ ከማደሪያችን ከቡይት ራስ አንደርስም። ስድስት ሰዓት ላይ ወኪሉ ጋ እደውላለሁ። ሰዎቹንም በቅሎዎቹንም ይልካል። ተራው ግን ከዚያ በኋላ ለእናንተ አይመለስም፤ ይህን ልነግርዎ እወዳለሁ።»

ፈንታሁን ተፈልጎ መጣ። የመጣው ከአውድማ ነው፤ ፀጉሩ ላይ የገብስ ገለባ አለ። የባለተራዎቹ በቅሎዎች በሙሉ ከከተማው ውጭ ነዶ እያጓጓዙ ነበር።

«ምን ሆናችኋል? ሰዎቹ እኮ የነገ ናቸው!» አለ ገና ከሩቅ። «ወረቀቱ ጥቅምት አሥር ነው ያለው።»

ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው የሒሳብ መምህር በአንድ ጊዜ ተነሳ። ፈረንጆቹ የመጡት በቀጠሯቸው ነው። ዛሬ ዘጠኝ ነው። የእኔ ኮድ አይሳሳትም። ስለዚህ ወረቀቱ ያለው ዘጠኝ ነው። ስለዚህ አሥር ብሎ ያነበበው ፈንታሁን ነው። እንዲህ ያለ ንጹህ ማረጋገጫ በሠላሳ አራት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ አላውቅም።

«ፈንታሁን፣ አሳስተህ አንብበኸው ነው» አልኩት። ቀስ ብዬም አይደል፤ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ቆም ብሎ አየኝ። «መምህር፣ አንድና ዜሮ ነበር የተጻፈው። ጣቴን አስቀምጬ ነው ያነበብኩት።»

«ጣትህን ሌላ መስመር ላይ አስቀምጠህ ይሆናላ! በመሠረተ ትምህርት ንባብ የማኅበሩን ተራ አበላሸኸው!»

ይህን ስል ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ጆሮዬ ይግላል፤ ያኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

ኮምፒውተሬን ከፍቼ ላሳያቸው አልቻልኩም፤ ከተማው ሙሉ መብራት የለም። ወረቀቱ ፍየሏ ዘንድ ነው። ስለዚህ ኮዱ ላፕቶፗ ላይ ላላት ለትርንጎ ደወልኩ።

«ላፕቶፕሽን ክፈቺና ኦክቶበር ሃያን ስጪው። የሚልሽን ነገር መልሰሽ ደውለሽ ንገሪኝ። ለነዚህ ሰዎች ማስረጃ እፈልጋለሁ።»

«ትምህርት ላይ ነኝ፤ ስጨርስ እደውላለሁ» አለች።

እስከዚያው ሰዓቱ ሄደ። አራት ሰዓት ሆነ። የሰማ የማኅበር አባል ሁሉ ተሰበሰበ። በቅሎ ለማምጣት መሮጥ ሲገባን እኛ ሸንጎ ተቀመጥን። ይህ የአገራችን ልማድ ነው፤ ቤቱ ሲቃጠል መጀመሪያ ክብሪቱን ማን እንደጫረ እናጣራለን። የማኅበሩ ደንብ ደግሞ ጥብቅ ነው። ተራውን ያሳለፈ ሰው ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ሌሎችን ያሳሳተ ግን ለጉብኝቱ ወራት ሁሉ ከተራ ይወጣል። ፈንታሁን ክረምቱን ሙሉ ያለ ሥራ ከርሟል። የመጀመሪያው ተራ የእሱ ነበር፤ ዳማ በቅሎውን ለዚያ ቀን ብሎ ሲያጥባት ሳምንቱን ሙሉ አይተነዋል።

ጋሽ አዱኛ የሚባሉ፣ ከእኔም የሚበልጡ አንድ የቀድሞ በቅሎ ጫኝ ዳኛ ሆነው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ፈንታሁን፣ ምን ትላለህ?»

«አሥር ነው ያለው። ሌላ የምለው የለኝም።»

«ከአንተ ሌላ ያነበበ አለ?»

ማንም አልነበረም። ሁሉም የሰሙት ከእሱ አፍ ነው። ከኋላ አንዱ «ፍየሏን ጠይቋት!» አለና ጥቂት ሰው ሳቀ። ፈንታሁን አልሳቀም።

ጋሽ አዱኛ ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ እርስዎ የተማሩ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነዎት። ወረቀቱ ዘጠኝ ብሎ እንደነበር ይማሉልንና ነገሩ ይለቅ። ከዚያ በቅሎ እንፈልጋለን።»

ተነሣሁ። ነጠላዬን አስተካከልኩ። እምል ነበር፤ ይህን ልደብቃችሁ አልፈልግም። በማርያም ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ያን ጊዜ ኪሴ ውስጥ ያለው ስልክ ጮኸ።

«ማስረጃው መጣ!» አልኩ፤ ጣቴን ወደ ሰማይ ቀስሬ። ኔትወርኩ ይቆራረጥ ስለነበር ከዳሱ ጀርባ ወዳለችው ጉብታ ወጣሁ።

«መምህር፣ አሥር ይላል» አለችኝ ትርንጎ።

«ምኑ?»

«ኦክቶበር ሃያን ስሰጠው ጥቅምት አሥር ይላል።»

«አሳስተሽ አስገብተሽ ነው። ወር ከዜሮ ነው የሚጀምረው፤ ረሳሽው?»

«አልረሳሁም። ሦስት ጊዜ ሞከርኩት። መምህር፣ ያለፈው ዓመት ዘመነ ማን ነበር?»

«ሉቃስ!» አልኩ እንደ ጎበዝ ተማሪ።

«ጳጉሜስ ስንት ነበረች?»

«ስድስት! አስገብቼአታለሁ፣ ኮዱን እይው!»

«አይቸዋለሁ፤ ስድስት ናት። ከእሷ ቀጥላ የምትመጣው መስከረም አንድስ? በፈረንጁ ስንት ላይ ነው ያስቀመጧት?»

በጣቶቼ መቁጠር ስጀምር እሷው ቀደመችኝ።

«ሴፕቴምበር አሥራ አንድ ላይ ነው ያስቀመጧት፤ በየዓመቱ። ዘንድሮ ግን የዋለችው አሥራ ሁለት ላይ ነው። ስድስተኛዋ ጳጉሜ ገፍታታለች።»

ላልገባችሁ ላስረዳ። ለእኔም የገባኝ ያን ጊዜ ጉብታ ላይ ነው። በአራት ዓመት አንዴ ጳጉሜ ስድስት ስትሆን፣ ቀጥሎ የሚመጣው አዲስ ዓመታችን በፈረንጁ አቆጣጠር በአንድ ቀን ዘግይቶ ይውላል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ቀኖችም እስከ ፌብሩዋሪያቸው መጨረሻ ድረስ እንደዚያው ናቸው። ይህን አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው። አውቀዋለሁ። ኮዱን ስጽፍ ግን መስከረም አንድ ለእኔ የቤት ምሰሶ ነበረች፤ ምሰሶ አይንቀሳቀስም፤ ቢንቀሳቀስ ፈረንጁ ይንቀሳቀስ። የባሕረ ሃሳብ መምህሬ የሰጡኝን ሁሉ ይዤ፣ ከአጥሬ ማዶ ያለው ሰውም እንደሚቆጥር ረሳሁ። ጥርና ሰኔ ላይ የሞከርኩትም በዚያው አጥር ውስጥ ሆኜ ነው።

«መምህር? አሉ?»

«አለሁ» አልኳት። አልነበርኩም።

ከጉብታዋ እስከ ዳሱ ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ስወርድ ምን ሳሰላ እንደነበር ልንገራችሁ፤ ሰው ሲሸማቀቅ እንኳ ሒሳቡን አይተውም። ትርንጎ ዳባት ናት። ወረቀቱ በፍየል ሆድ ውስጥ ነው። መብራት የለም። ይህን ኮድ አንብቦ የሚረዳ ሰው በዚህ መንገድ ዳር ላይ ከእኔ በቀር የለም። መማሉ ቢከብድ እንኳ «ኔትወርኩ ተቋረጠ» ብዬ ዝም ማለት እችላለሁ። ፈንታሁን የጉብኝቱን ወራት ከተራ ይወጣል፤ እኔ ሊቅ ሆኜ እቀራለሁ። ማታ ተደብቄ አንዷን ቁጥር አርማታለሁ። ማን ያውቃል?

ስደርስ ፈንታሁን ቆሞ ነበር። እኔን አላየኝም። አመልካች ጣቱን እያዟዟረ ያያት ነበር፤ ወረቀቱን ሲያነብ መስመሩን የተከተለባትን ጣት። በእውነት ሌላ መስመር ላይ አስቀምጫት ይሆን እያለ ነው። የእኔ ጩኸት የገዛ ዓይኑን አስጠርጥሮታል።

«ይማሉልን» አሉ ጋሽ አዱኛ።

«አልምልም።»

«ለምን?»

«ወረቀቱ አሥር ስላለ።»

ዳንኤል መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ።

«ልክ ያነበበው ፈንታሁን ነው። የተሳሳተው ማሽኑ ነው» አልኩ፤ እዚህም ላይ ትንሽ ልሾልክ ሞክሬ።

«ማሽኑን የሠራው ማን ነው?» አሉ ጋሽ አዱኛ።

«እኔ።»

«የዘመን ቁጥር የተማሩት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«እኔው ነኝ ጋሽ አዱኛ፤ ሌላ ተከሳሽ ባገኝ አመጣልዎት ነበር።»

ፈንታሁን ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ባርኔጣውን ደፋና ወደ ዳንኤል ዞረ። «ስድስት ሰዓት ሊሆን ስንት ቀረው?»

«አንድ ሰዓት ተኩል።»

«ገብሱ ነገም ገብስ ነው» አለና ሮጠ። ባለተራዎቹ ሁሉ ተከተሉት። ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ አምስት በቅሎ ገለባ እንደለበሱ መጡ፤ ስድስተኛዋ ዳማዋ ነበረች፣ እንደታጠበች። ጫኞቹ ግን አምስት ናቸው። አንዱ ከአውድማው መውጣት አልቻለም።

ጋሽ አዱኛ ገና ከድንጋያቸው አልተነሡም። «መምህርንስ ምን እናድርጋቸው? ያሳሳተ ከተራ ይውጣ ይላል ደንቡ። ሰውየው በቅሎ የላቸው፣ ተራ የላቸው።»

«እኔ ልፍረድ» አለ ፈንታሁን፤ ጭነቱን እያጠበቀ። «ነጂ ጎድሎኛል። ቡይት ራስ ድረስ ይንዱ።» እና አንዲት ቀጭን ዱላ እጄ ላይ አኖረልኝ።

እንዲህ ነው ስድሳ ስምንት ዓመት የሞላኝ የዘመን ሊቅ ከአንዲት ዳማ በቅሎ በስተኋላ ሆኜ ዳገቱን የተያያዝኩት። ከበቅሎ በስተኋላ ስለሚገኘው አየር ብዙ አልጽፍም፤ በቅሎዋ ግን ስለ እኔ ያላትን አስተያየት መንገዱን ሙሉ አልደበቀችም። ከፈረንጆቹ አንዲት አሮጊት ፎቶ አነሳችኝና በዳንኤል በኩል በዚህ ሥራ ስንት ዓመት እንደቆየሁ ጠየቀችኝ።

«ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ነው በላት» አለው ፈንታሁን።

ዳገቱ ሲያበቃ ከእኔ ጎን መሄድ ጀመረ። ብዙ ከተጓዝን በኋላ «መምህር፣ ያ ስልክ ባይደወል ይምሉ ነበር?» አለኝ።

«እምል ነበር።»

«ዘጠኝ ነው ብለው?»

«ዘጠኝ ነው ብዬ። አምኜበት።»

ራሱን ነቀነቀ። «የሚገርመኝ እሱ አይደለም። ሰው ይሳሳታል። ስህተቱን ሲፈልጉ ከእኔ መጀመርዎ ነው የሚገርመኝ። ከእኔ በፊት እኮ ፍየሏም ነበረች።»

ሳቀ፤ እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። ዳባት ላይ የተሳለቅሁበት የኮምፒውተሩ ቆጠራ ለምን ከዜሮ እንደሚጀምር ዛሬም አላውቅም። እኔ ግን ስህተት ሲፈለግ ቆጠራው ከዜሮ እንደሚጀመር፣ ዜሮውም እኔ መሆኔን የተማርኩት እዚያ መንገድ ላይ፣ በዱላና በበቅሎ ነው። ቡይት ራስ የደረስነው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ተራውም በማኅበሩ እጅ ቀረ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዳባት ወረድኩ። እግሬ አብጦ ነበር። ትርንጎ ያንን ላይብረሪ ከፍታ ወንበሩን ሳበችልኝ። መስመር በመስመር አነበብኩት። መሐሉ ላይ ዓመቱን ለአራት አካፍሎ፣ ስድስተኛዋን ጳጉሜ አውጥቶ፣ መስከረም አንድን በአንድ ቀን የሚገፋ አጭር ኮድ አለ። የጻፈው ሰው አገሬን አይቷት አያውቅ ይሆናል። ዘመነ ሉቃስ የሚለውን ቃል ሰምቶት ላያውቅም ይችላል። ቀኑ የሰው እንጂ የእሱ ስላልነበረ ተጠንቅቆ ቆጠረው። እኔ የራሴ ነው ብዬ ሳልቆጥረው ቀረሁ። ኮዴን አጥፍቼ የእሱን አያያዝኩ። ዘጠኝ ቅዳሜ የፈጀሁበትን ነገር ለመተካት ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም። ትርንጎ «ቀን ተበደሩ እንግዲህ» አለችኝ።

እናንተ አንባቢዎች፣ በተለይ በእኔ ዕድሜ ያላችሁ፤ ኮምፒውተር ተማሩ ልላችሁ አይደለም፤ ለዓይናችሁ ጥሩ አይደለም። የሠራችሁትን ወረቀት ግን ከመለጠፋችሁ በፊት አንብቡት። በሊጥም አትለጥፉ። በዝግታ ከሚያነብ ሰው ጋር ስትጋጩ ደግሞ በጣቱ የሚከተል ሰው መስመር እንደማይዘል አስታውሱ። መስመር የሚዘለው እንደ እኔ በዓይኑ የሚበር ነው።

ይህን ስጽፍ ዘመኑ ዞሮ ሉቃስ ላይ ደርሷል፤ ጳጉሜ ዘንድሮ ስድስት ልትሆን ነው። ባለፈው ሳምንት ፈንታሁን ደጃፌ ላይ ቆሞ ነበር።

«መምህር፣ ዘንድሮ ጳጉሜ ስንት ናት?»

«ስድስት።»

«ከእሷ ቀጥላ የምትመጣው መስከረምስ በፈረንጁ የት ትውላለች?»

መልሱን አውቀዋለሁ፤ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ዋጥኩትና «ላይብረሪውን ጠይቄ ልንገርህ» አልኩት።

«ይጠይቁ» አለ፤ ዳማዋን እየሳበ። «ባይጠይቁም ግድ የለም። ዱላዎ ሰሌዳው ጎን ምስማሩ ላይ ተሰቅላለች።»